ወይዘሮ አረፋ እና ዝም ያለው አዳራሽ

ዲሴምበር 11፣ 1962፣ ማክሰኞ

ሳንድሆልም ገባሁ። ባቡሩ እንደ ልማዱ ዘገየ፤ ባሕሩም እንደ ልማዱ ግራጫ ነው። ወይዘሮ ብሬይትዌይት ያንኑ ከደረጃው በላይ ያለውን ክፍል ሰጡኝ፤ ያው አልጋ፣ ያው መሀሉ የጎደጎደ ፍራሽ። ሴትየዋ ግን ዘንድሮ አንድ ነገር ሆነዋል። ሲያወሩ ያጉተመትማሉ፤ "ምን አሉ?" ስላቸው ደግሞ መርከብ እንደሚጠራ ሰው ይጮሁብኛል። መሀል የሚባል ነገር የላቸውም።

ዘንድሮም፣ ወንዱ እኔ፣ በገናው ቴአትር ላይ ወይዘሮ አረፋ ነኝ፤ ልብስ አጣቢዋ መበለት። ይኸው ስንት ገና ሙሉ፣ መጀመሪያ በሌሎች ከተሞች፣ ከዚያ እዚህ፣ ወገብ የሚያጣብቅ ኮርሴት ታጥቄ፣ በጥጥ የተጠቀጠቀ ጡት አንጠልጥዬ፣ ጉንጬን እንደ ቲማቲም አቅልቼ የሞኝ ልጅ እናት ስሆን ኖሬያለሁ። በገና ሰሞን ልጆችም ወላጆችም ወደዚህ ቴአትር ቤት የሚመጡት እኔን ለማየት ነው። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለመኩራራትም ነው።

ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። ሥራ አስኪያጁ ሎማክስ በየዓመቱ ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ የሚቀጥለውን ገና ውል ያስፈርመኝ ነበር። ዛሬ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገና "ስንጨርስ እናወራለን፣ ሲሪል" አለኝ። ስንጨርስ? ምን የሚወራ ነገር አለ? ከዚህ ሥራ ውጪ እኔ ማን ነኝ? በበጋ ቴሌቪዥን ላይ ፖሊስ ሆኖ ኩሬ ውስጥ የሚወድቅ ሰውዬ፣ በቃ።

ዲሴምበር 14፣ ዓርብ

ልምምድ። መድረክ ላይ ልጄን ሆኖ የሚጫወተው ዘንድሮ አዲስ ነው፤ ሮይ ፌንዊክ ይባላል፣ እግሩ ረጅም፣ ዐይኑ ጥሩ። አፉ ግን አይከፈትም። "የኔ ወንድም፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ የተቀመጠችው አያት ቲኬት ገዝታ ነው የገባችው" አልኩት። ቀላ። ዳይሬክተሩም ያጉተመትማል፣ ዘፋኟም እንዲሁ። የዛሬ ልጆች ትምህርት ቤት ገብተው የሚማሩት ማጉተምተም ሳይሆን አይቀርም።

በዚህ ቤት ጥርት አድርጋ የምትናገር ሰው ብትኖር የምታለብሰኝ አይቪ ብቻ ናት። አይቪ መርፌ ከመያዟ በፊት ወጣትነቷን የጨረሰችው ጥጥ ፋብሪካ ውስጥ በሸማኔነት ነው። እዚያ የማሽኑ ጩኸት ጆሮ ስለሚያደነቁር ሴቶቹ አፋቸውን እያጣመሙና እየለጠጡ በከንፈር ብቻ ነበር የሚያወሩት። በልብስ አጠባው ትዕይንት ላይ የማሳየው የከንፈር ወሬ ከእሷ የሰረቅኩት ነው። ስለ ጎረቤት ባል ሲሆን ድምፄን አጠፋና አፌን ብቻ አንቀሳቅሳለሁ፤ ጡቴን በክንዴ ገፋ አደርጋለሁ። ይህን ሳደርግ የዚህ አገር ሰው በሳቅ ይፈርሳል።

ለሮይ "ከአይቪ ተማር። እሷን ስማት፣ እያንዳንዱ ቃል ጥርት ያለ ነው" አልኩት።

አየኝ። "አዎ፣ ሚስተር ሆብዴይ። ጥርት ያለ ነው" አለና ጫማውን ማሰር ጀመረ። ጫማው ታስሮ ነበር።

ዲሴምበር 16፣ እሑድ

ሚዩሪየል ከክሮይደን ደወለች። መስመሩ አይረባም፣ ቅሽሽሽ ብቻ። ባለቤቴ የምትለው አልገባ ሲለኝ ስልኩን ለወይዘሮ ብሬይትዌይት ሰጠኋቸውና "ደኅና ነው በሏት" አልኩ። አሏት። የድመቷን ነገር ጠይቃኝ ነበር አሉ። በዚህ ዘመን ሰው ህዋ ላይ ይልካሉ፣ ከክሮይደን እስከዚህ ግን አንድ ደኅና ሽቦ መዘርጋት አቃታቸው።

ዲሴምበር 26፣ ረቡዕ

መክፈቻ። በረዶ ከጠዋት ጀምሮ እየጣለ ነው። አዳራሹ ግጥም አለ።

ሳቃቸው ግን ቀዝቃዛ ነው። አለ፤ ከሩቅ፣ ከግድግዳ ኋላ እንዳለ ነገር። ምክንያቱ ገብቶኛል። የማሞቂያው ቦይለር ተበላሽቶ ሰው ሁሉ ካፖርቱን እንደለበሰ፣ ሹራብ ጓንቱን እንዳጠለቀ ነው የተቀመጠው። በጓንት ማን ያጨበጭባል? ሻርፕ አፉ ላይ ጠምጥሞስ ማን ይስቃል?

ያ ሮይ የሚባል ልጅ ደግሞ የቀሚሴን ጫፍ ረገጠኝ። አንዴ ቢሆን ምንም አይደል። አራት ጊዜ! ቀልዴን ተናግሬ፣ ፊቴን ለተመልካች ሰጥቼ፣ ሳቁን እየጠበቅኩ ሳለ ከኋላዬ ቀሚሴ ውጥር ይላል። ዞሬ ሳየው ፊቱ ላይ ምንም የለም፣ የዋህ በግ። ትኩረት ሊሰርቀኝ ነው። ዕድሜ ለዚህ ሥራ፣ ይህን ዘዴ እሱ ሳይወለድ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ዲሴምበር 28

ሁለት ትዕይንት። ረገጠኝ። ረገጠኝ። ረገጠኝ። ድካም።

ዲሴምበር 31፣ ሰኞ

በረዶው የባሕሩ ዳርቻ ላይ ሳይቀር ቆሟል። ልጆቹም ከብርዱ የተነሳ ደንዝዘዋል።

በጨዋታው ውስጥ ያለው ወንበዴ በስተኋላዬ ተደብቆ ሲመጣ ልጆቹ "ከኋላሽ ነው!" ብለው ይጮሃሉ። እኔ እጄን ጆሮዬ ላይ አድርጌ "ምን አላችሁ? አልሰማሁም!" እላለሁ። እንደገና ይጮሃሉ። ከኖኅ መርከብ ጀምሮ ያለ ነገር ነው፤ ያለዚህ ገና የለም። ዘንድሮ ግን ጩኸት እንዳይመስላችሁ፣ ሹክሹክታ ነው! እስኪሞቃቸው ድረስ ደጋግሜ አስጮህኳቸው። የመድረክ ኃላፊው ሰዓቱን እያሳየ በመጋረጃው ጥግ በኩል እጁን ያወራጫል። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት።

ከትዕይንቱ በኋላ አንዲት እናት በጓሮው በር መጥታ ጠበቀችኝ። ጎኗ ያለው ልጅ ጉሮሮው በሻርፕ ታስሯል። ደጋግማ ነገረችኝ፤ በሁለተኛው ገባኝ። "ልጄ ድምፁ ተዘጋ! ስንት ጊዜ ነው የምታስጮሃቸው፣ ሰውዬ? አንተ የሰማይ ቤት ድረስ ካልተሰማ አይበቃህም?"

ልጁን ጸጉሩን ዳበስኩለት። ልጁ ሳቀብኝ። ቢያንስ አፉን ከፍቶ ነው የሳቀው።

ጃንዋሪ 3፣ ሐሙስ

ሎማክስ እና ሮይ ደረጃው ላይ ቆመው ሲያወሩ ደረስኩ። ሲያዩኝ ጸጥ አሉ። ሎማክስ ከአንገት በላይ ሳቀልኝ።

ገብቶኛል። ውሌን ያቆየው ለምን እንደሆነ አሁን ገብቶኛል። የሚቀጥለው ገና ቀሚሱን ለልጁ ሊያለብሰው ነው። ልጁም በየምሽቱ ቀሚሱን በእግሩ እየለካ ነው ያለው!

አይቪን ጠየቅኳት። መርፌዎቹን ከንፈሯ ላይ ይዛ ስለነበር ምንም አላለችም። መርፌዎቹን ከአፏ ስታወጣ ግን "ልጁን ተወው፣ ሆዴ። መጥፎ ልጅ አይደለም" አለችኝ። እሷንም ገዝቷታል።

ጃንዋሪ 5፣ ቅዳሜ

ሎማክስ ቢሮ ገባሁ። ቁጭ በል እንኳ ሳይለኝ ጀመርኩ።

"ወይ ልጁ ቀሚሴን መርገጥ ያቆማል፣ ወይ እኔ ሻንጣዬን አነሳለሁ።"

ሎማክስ ጠጋ አለና ቀስ እያለ "እርግጠኛ ነህ፣ ሲሪል?" አለኝ።

"ከማንም በላይ።"

"እሺ። እነግረዋለሁ።"

ኮሪደሩ ላይ ሮይን አገኘሁት። ኮፍያውን አውልቆ፣ ፊቴ ላይ ፊቱን አድርጎ፣ "እርስዎ ካሉ እሺ፣ ሚስተር ሆብዴይ። አልነካዎትም" አለኝ። ዐይኑ ውስጥ ድል የለም። የሚያዝንልኝ መሰለኝ። ደሜ ፈላ። ማን ነው የሚያዝንልኝ?

ጃንዋሪ 7፣ ሰኞ

ምን ሆኜ ነው።

ጃንዋሪ 8፣ ማክሰኞ

አሁን ልጻፈው። ካልጻፍኩት አልተኛም።

ትናንት ሮይ ቃሉን ጠበቀ፤ አልረገጠኝም። እኔም ብቻዬን ቆምኩ። ቀልዴን ተናገርኩ፣ ጠበቅኩ፣ ቀጠልኩ። የሙዚቃ ጓዱ መሪ ከታች ሆኖ በመምሪያ ዘንጉ "ቆይ፣ ቆይ" ይለኛል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ቆሜ ስጠብቅ "ሂድ፣ ሂድ" ይለኛል። ሰካራም ይመስል ነበር፤ ሰካራሙ ግን እኔ ነበርኩ። ከፊተኛው ወንበር አንድ ሰውዬ ሚስቱን በክርኑ ነካ አድርጎ ወደ እኔ ጠቆመ። እየሳቁ እንዳልነበሩ ገባኝ፤ የሚያዩኝ እንደተጋጨ መኪና ነበር።

ዛሬ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ስገባ አይቪ በሩን ዘጋችው። እኔ መስታወቱ ፊት ተቀመጥኩ፣ እሷ ከኋላዬ ቆመች፣ በመስታወቱ ውስጥ ተያየን።

"ትናንት ምን ሆነህ ነው፣ ሆዴ?"

"ተመልካቹ በድን ነበር።"

"በድን አልነበረም። ሲስቁ ታወራለህ፤ ጸጥ ሲሉ ትጠብቃለህ። ያሳዝናል ሲሪል፣ ሁለቱን ምርጥ ቀልዶችህን ማንም አልሰማቸውም።"

"ሮይ ነው እንጂ ያበላሸኝ! ይኸው ስንት ሳምንት ሲረግጠኝ..."

"ሮይ የሚረግጥህ ሳቁ ሲያልቅልህ ነው። አሁን ቀጥል ለማለት። እንደማትሰማ የመክፈቻው ቀን ነው ለራሱ የገባው። አንተ ሄደህ ከሰስከው፣ ልጁም አቆመ።"

"ይሄ ቅጥፈት ነው። እኔ ሁሉንም እሰማለሁ! አሁን አንቺ የምትዪውን አንዲት ቃል አላመለጠችኝም!"

አይቪ ዊጉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ፊቷ ክብድ አለ።

"ሲሪል፣ በሩን ከዘጋሁ ጀምሮ ድምፅ አላወጣሁም።"

"ምን?"

"አንዲትም። በከንፈሬ ብቻ ነው የማወራህ፣ እንደ ፋብሪካው። ዛሬ ብቻም አይደለም፤ ከልምምዱ ሰሞን ጀምሮ እንዲህ ነው የማወራህ። አንድ ቀን እንኳ አላወቅክም።"

ክው አልኩ። እሷ ግን አልጨረሰችም። ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች። ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ሲል፣ የአንገቷ ጅማት ሲገተር አየሁ። ከዚያ ዞረች።

"ስምህን ነው የጠራሁት። ጮክ ብዬ። ከውጪ መጥተው በሩን አንኳኩተዋል።"

እውነትም በሩ ተከፍቶ ዘፋኟ ደንግጣ ቆማ ነበር።

አይቪን አሮጊት ጠንቋይ አልኳት። ከዚያ ቀሚሴን ለብሼ ወጣሁ። ሮይ ዛሬም አልነካኝም። ዛሬም ሰካራም ነበርኩ።

ጃንዋሪ 9

አይቪ ጠንቋይ አይደለችም።

ጃንዋሪ 10፣ ሐሙስ

ቁርስ ላይ የወይዘሮ ብሬይትዌይትን ራዲዮ ከፈትኩ። ትንሽ ጨመርኩ። ትንሽ ጨመርኩ። ዜና አንባቢው በጥሩ ሁኔታ ሲሰማኝ "ይኸው!" ብዬ ዞርኩ፤ ወይዘሮ ብሬይትዌይት ሁለት ጆሯቸውን ይዘው፣ በጭስ የደረቀው የቁርስ ዓሣ መሬት ላይ ወድቆ፣ ላይኛው ፎቅ ያለው ተከራይ ፊቱ ላይ የመላጫ አረፋ እንዳለ በሩ ላይ ቆሞ አየሁ።

"ቦይለሩ ተሠራ?" አልኩት ለሎማክስ ወደ ቴአትር ቤት ስገባ።

"ከጃንዋሪ አንድ ጀምሮ። ቀኑን ሙሉ እንደ አንጥረኛ ይደበድባል፤ ዘፋኟ አልዘፍንም ብላኝ ነበር እኮ።"

ሙቀት አልነበረም የጎደለው። ጓንት አልነበረም። ሻርፕ አልነበረም። እነዚያ የፈረደባቸው ልጆች ጉሮሯቸው እስኪበጠስ ጮኸውልኛል፤ እኔ እጄን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አላገጥኩባቸው።

ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ነርቭ ነው አለ፣ አይመለስም አለ፣ አንድ ሽቦ ያለው የመስሚያ ሳጥን ደረቴ ላይ አንጠለጠለልኝ። ሳጥኑ የሚያሰማኝ የራሴን ኮርሴት ድምፅ ብቻ ነው። አውልቄ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ጃንዋሪ 13፣ እሑድ

ሮይን መጠጥ ቤት ወሰድኩት። ይቅርታ የሚለውን ቃል ከአፌ ማውጣት እንደ መንጋጋ ጥርስ ሆነብኝ። ቢራ አዘዝኩለት። ሁለተኛ አዘዝኩለት። ሦስተኛውን ሳዝ እጄን ያዘኝ።

"ሚስተር ሆብዴይ፣ ገብቶኛል። አያስክሩኝ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"እርስዎን? ወይዘሮ አረፋን? ልጅ ሆኜ እናቴ ያመጣችኝ እርስዎን ለማየት ነው። ጆሮዎ ሞቷል ብዬ እኔ ልንገርዎት?"

ለካ ያ ደረጃ ላይ ያወሩት እሱ ሎማክስን "ለሚስተር ሆብዴይ ውሉን ይስጧቸው፣ እኔ ጎናቸው እቆማለሁ" ሲል ነው። እኔ ሄጄ የከሰስኩት ይህን ልጅ ነው። ራሴን በጥፊ ባጮለው ደስ ባለኝ፣ ግን ቢራ ቤት ውስጥ አይደረግም።

"ከነገ ጀምሮ ቀሚሴን ትተህ ጣቴን ርገጠኝ" አልኩት።

"ጠንከር አድርጌ?"

"ጥፍሬን እንዳታወልቀው እንጂ።"

ጃንዋሪ 18

ይሠራል። ረገጠኝ፣ ቀጠልኩ፣ ረገጠኝ፣ ቀጠልኩ። ሁሉም "ተመለስክ!" ይሉኛል። ሎማክስም እጁን አወዛወዘልኝ። ተመልሻለሁ ይላሉ እንግዲህ።

እኔ ግን የትም አልተመለስኩም። ጉንፋን ይዞት የሚበላ ሰው ነኝ፤ ሥጋው አለ፣ ጨው የለውም። ቀልዱን እናገራለሁ፤ ከፊቴ ጥቁር ጉድጓድ አለ፤ ጉድጓዱ ምንም አይልም፤ ከዚያ ጣቴ ይረገጣል። ለዚህ ነው እንዴ ሰው ቀሚስ የሚለብሰው?

ሚዩሪየል ትናንት ሁለት ጊዜ ደውላለች። ሁለቱንም ወይዘሮ ብሬይትዌይት አነሡት። አልነገርኳትም። በስልክ እንዴት ይነገራል? መልሷን በምን እሰማዋለሁ?

ጃንዋሪ 22፣ ማክሰኞ

ለምን ቀድሞ አልታየኝም! ለመብራት ሠራተኛው ለስታን የአዳራሹን መብራት ሳያጠፋ በግማሽ አብርቶ እንዲተወው ነገርኩት። ስታን ፊቱን አጨማደደ፤ አደረገው።

አየኋቸው! አያቶቹን፣ ልጆቹን፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለውን ራሰ በራ ፖስተኛ። ፊታቸው ሲፈካ፣ ዐይናቸው ሲጠብ፣ እጃቸው ወደ አፋቸው ሲሄድ! ከዲሴምበር ወዲህ እንዲህ ሠርቼ አላውቅም። ሲያበቃ ሮይን አቅፌ ሳምኩት፤ ቀለሜ ጉንጩ ላይ ቀረ። እሱ ግን ፈዘዝ ብሎ ነበር። ደክሞት ይሆናል።

ጃንዋሪ 24፣ ሐሙስ

አይቪ ነገረችኝ። አሁን በድምፅም በከንፈርም ነው የምታወራኝ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ።

"አልሳቁም፣ ሆዴ። ፈገግ ነው ያሉት።"

"እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሲንፈራፈሩ በዐይኔ አየሁ!"

"እሱ እኮ ነው። እዚህ አገር ሴት ልጅ ስታገባ አባቷ ጥርሷን አስነቅሎ ሰው ሠራሹን ይገዛላታል፤ ባሏ ኋላ በጥርስ ሐኪም እንዳይቸገር። የእኔን ያስነቀሉልኝ ከሠርጌ በፊት ነው። ከእኛ ግማሾቻችን አፋችንን ከፍተን ከሳቅን ጥርሱ ጭናችን ላይ ይወድቃል። ጨለማ ውስጥ ግድ የለንም። ብርሃን ላይ ግን ማን አፉን ይከፍታል? እጃችንን አፋችን ላይ አድርገን ውጠነው እንቀራለን።"

አላመንኳትም። ማለቴ፣ አመንኳት፤ ግን መብራቱን አላስጠፋሁም። እኔ አያቸዋለሁ። ይህን ያህል ለራሴ አይገባኝም?

ፌብሩዋሪ 2

መብራቱ እንደበራ ነው። ሎማክስ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ፣ ሁለት ጊዜ እምቢ አልኩ። ቀልቤ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ጠዋት ባሕሩ ዳር እሄዳለሁ፣ በረዶው ላይ እንሸራተታለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ሻይ እቀዳለሁ፣ ሳልጠጣው ይቀዘቅዛል።

ከሚዩሪየል ደብዳቤ መጣ። አጭር ነው። "ስልኩን ሁልጊዜ ለዚያች ሴትዮ የምታቀብላት ለምንድን ነው? ድምፄን መስማት ካስጠላህ፣ ወይም ሌላ ሰው ካለ፣ በሰው አታስነግረኝ። ራስህ ንገረኝ።"

ሌላ ሰው! አዎ፣ አለ። ጥጥ ጡት ያላት አጣቢ።

መልስ ጀመርኩ፣ ቀደድኩ። ጀመርኩ፣ ቀደድኩ።

ፌብሩዋሪ 11፣ ሰኞ

ሮይ ከትዕይንቱ በኋላ መጥቶ ቆመ። ወንበር ሰጠሁት፣ አልተቀመጠም። ትይዩዬ ቆሞ፣ መብራቱ ፊቱ ላይ እንዲያርፍ አንገቱን አስተካከለ። ሁሉም ሰው ዘንድሮ ለእኔ ብሎ አንገቱን ያስተካክላል።

"አንድ ነገር ልናገር፣ አይቆጡኝም?"

"እንደ ንግግሩ ነው።"

"እኔ ደግሞ እሰማለሁ፣ ሚስተር ሆብዴይ። እርስዎ ፊታቸውን ያያሉ፤ እኔ ዝምታቸውን እሰማለሁ። በየምሽቱ። የመጀመሪያ ዓመቴ ነው። ሳቁን እኔም እፈልገዋለሁ።"

የጉንጬን ቀለም ስጠርግ ቆየሁ። ሲወጣ ግን በሩን በቀስታ እንደዘጋው አየሁ፤ ቢያላትመው ይሻለኝ ነበር።

ፌብሩዋሪ 16፣ ቅዳሜ

የመጨረሻው ምሽት። አዳራሹን የሞላችው የአይቪ የድሮ ፋብሪካ ናት። ሸማኔዎቹ በየዓመቱ ማብቂያውን አብረው ነው የሚያዩት፤ ጸጉራቸው የተሠራ፣ ካፖርታቸው የእሑድ፣ ቦርሳቸው ውስጥ ከረሜላና ትንሽ የጂን መጠጥ።

የመጀመሪያው ክፍል በብርሃን ነበር። አየኋቸው፤ ረድፍ በረድፍ እጅ በአፍ፣ እጅ በአፍ። ጥርሱን እንደታመመ ሰው ሁሉም አፋቸውን ይዘዋል። ሮይ ምርጥ አወዳደቁን ወደቀ፣ ከመሰላሉ ላይ ባልዲው ውስጥ፤ ተነሥቶ ወደ እነሱ ሲያይ ፊቱን አየሁት። ያንን ፊት አውቀዋለሁ። ከጃንዋሪ ሰባት ጀምሮ የእኔ ፊት ነው።

በዕረፍቱ ቀሚሴን ሰብስቤ ወደ ስታን ወጣሁ።

"አጥፋው።"

"ምን?"

"አንተም አትሰማም እንዴ? አጥፋው! ድርግም!"

ሁለተኛው ክፍል። ጥቁር ጉድጓድ። ልብስ አጠባው ላይ ደረስን። አጥሩ ላይ ተደግፌ፣ ጡቴን በክንዴ ገፋ አድርጌ፣ ስለ ጎረቤቴ ባል ድምፄን አጠፋሁና አፌን ብቻ አንቀሳቀስኩ። የሸማኔ ወሬ፣ ለሸማኔዎች። ጨዋ ሰው የማይለውን አልኳቸው፤ ከእነሱ በቀር ማንም አያነበውም።

ጨረስኩ። ፊቴን ወደ ጨለማው አድርጌ ቆምኩ። የሮይን እግር ጠበቅኩ።

አልመጣም።

ጠበቅኩ። ረሳኝ ብዬ ደነገጥኩ። ላብ በኮርሴቴ ውስጥ ወረደ። ዘወር ብዬ በዐይኔ ጠርዝ አየሁት፤ አጥሩን ይዞ በሳቅ ጎብጧል፣ እንባው ቀለሙን እያጠበ ይወርዳል፣ እግሩን እንኳ ማንሳት አቅቶታል። ከታች የሙዚቃ ጓዱ መሪ መምሪያ ዘንጉን አስቀምጧል። ጫማዬ ሥር የመድረኩ ጣውላ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ፤ ሴቶቹ እግራቸውን ወለሉ ላይ እየደበደቡ ነበር። እኔ እዚያ ቆሜ ነበር። እግሩ አልመጣም፣ አልመጣም። በኋላ አይቪ ከጋብቻዬ ወዲህ እንዲህ ያለ ሳቅ አልሰማሁም አለችኝ። እኔ አልሰማሁትም። አልቅሻለሁ። ወይዘሮ አረፋም አለቀሰች፤ ያም አሳቃቸው አሉ።

ሎማክስ ውሉን ይዞ መጣ። "ሁለታችሁም ካላችሁበት" አለ። ሮይ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ፈረምኩ። ሚዩሪየልን ሳልነግራት ፈረምኩ።

ፌብሩዋሪ 17፣ እሑድ፣ ክሮይደን

ሚዩሪየል ጣቢያ አልመጣችም። ቤት ስደርስ ወጥ ቤት ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታኝ ድንች ትልጣለች። ትከሻዋን አየሁ፤ የሆነ ነገር እየተናገረች እንደሆነ ገባኝ። ምን እንደሆነ አላውቅም። እየተሳደበች ሊሆን ይችላል።

ትከሻዋን ይዤ ቀስ ብዬ አዞርኳት። ቢላዋውን ከእጇ ወስጄ መስኮቱ አጠገብ፣ ብርሃኑ ፊቷ ላይ የሚያርፍበት ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። "ምን ሆነሃል አንተ ሰው?" አለች፤ ይሄኛውን አየሁት።

ነገርኳት። ከስልኩ ጀምሬ እስከ ትናንት፣ ምንም ሳልደብቅ። ሰካራም የሆንኩባቸውን ምሽቶች። ልጁን የከሰስኩትን። ሴትየዋ ስልኩን ያነሡት ለምን እንደነበር። ለአንድ ሰው ተናግሬ ከጨረስኩ በኋላ መልሱን እንዲህ የፈራሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ሚዩሪየል እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከእጇ ኋላ የሆነ ነገር ተናገረች፤ ዐይኗ ሞልቶ ነበር፣ ትከሻዋ ይነቃነቃል። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች መለየት አልቻልኩም።

እጇን ከአፏ ላይ አነሳሁና "ድገሚልኝ" አልኳት።